የሬድሚር ግቢ መንገድና የባሌ ምላስ

ባሌ ደስሞንድ ያመሰግናል። ሥራው ይኸው ነው ብል ይቀላል። ከአውቶቡስ ሲወርድ ሹፌሩን ያመሰግናል፤ ይሄ የሁላችንም ወግ ነው፣ ምንም አይደል። ከባንኩ ግድግዳ ላይ ገንዘብ የሚተፋውን ማሽን ግን ማን ያመሰግናል? እሱ ያመሰግናል። ጥርሱን የነቀለውን ሐኪም አፉ ደም እንደሞላ አመስግኗል። የመኪናችን መስተዋት ላይ የቅጣት ወረቀት የለጠፈችውን ልጅ «በዚህ ዝናብ ለደከምሽው» ብሏት፣ ልጅቷ የሚያሾፍባት መስሏት ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ያላመሰገነውን ደግሞ ይቅርታ ይጠይቃል። የተዋወቅነውም በዚሁ ነው። ጭፈራ ላይ እግሩን የረገጥኩት እኔ፣ ይቅርታ የጠየቀው እሱ። ያኔ ጨዋነቱ ደስ አለኝ። ልጅ ነበርኩ፣ ምን አውቃለሁ።

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የሰው ምድር ቤት ውሃ ሞልቶ ሲጠሩት፣ ውሃውን ያፈሰሰው እሱ ይመስል ይቅርታ እየጠየቀ ነበር የሚገባው። ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ሻይ ስላፈሉለት ያመሰግናል፤ ሒሳቡን መጠየቅ ያፍርና እኔ ስልክ እደውላለሁ። በኔዘርሾ መንደር ክፉዋ ሴት እኔ ነኝ፣ ደጉ ሰው እሱ ነው። «ቤረል፣ ባልሽ እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» ይሉኛል። ጨዋነቱን እነሱ ያያሉ፣ ጣጣውን የምሸከመው እኔ ነኝ።

ይሄ ምላሱ አንድ ጊዜ ወደ ልጃችን የሚያስኬደውን መንገድ ሊያሳጣን ነበር። የምነግራችሁ እሱን ነው።

ልጃችን አድሪያን የተቀበረው ሬድሚር ግቢ ውስጥ ነው። የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን እዚያ ናት፣ ከትልቁ ቤት አጠገብ። የጥንቶቹ ጌቶች በመስኮት ሲያዩ መንደሩ ዓይናቸውን አስቀየማቸውና የሰዉን ቤት ሁሉ አፍርሰው ከኮረብታው ወዲያ አሻገሩት። ቤተ ክርስቲያኗን ግን እዚያው በራቸው ላይ አስቀሯት፤ ለእነሱ ሩቅ እንዳይሆን። ከዚያ ወዲህ የኔዘርሾ ሰው ለመጸለይም ለመቀበርም በትልቁ የመኪና መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው። መንገዱ ለእግረኛ የሚሆን ጠርዝ የለውም፤ ቁጥቋጦው እስከ አስፋልቱ ድረስ ነው። አድሪያንን ከነብስክሌቱ የጭነት መኪና የገጨው እዚያ መታጠፊያ ላይ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የመጀመሪያው እሑድ አበባ ይዤ እዚያ መታጠፊያ ስደርስ እግሬ እምቢ አለ። መኪና ሲያልፍ ቁጥቋጦው ውስጥ ተለጠፍኩ፣ ሌላ ሲመጣ አሁንም ተለጠፍኩ፣ አበባው ተጨፈለቀ። ደስሞንድ እጄን ይዞ መለሰኝ። የርስቱን የድንጋይ አጥር ተከትለን ስንመለስ የፍራፍሬው አትክልት በር ገርበብ ብሎ አገኘነው። ገባን። ከፖም ዛፎቹ ሥር፣ በኩሬው ዳር፣ በትልቁ ቤት መስኮቶች ፊት ለፊት አልፈን ልጃችን ዘንድ ደረስን። ማንም አልተናገረንም። በሚቀጥለው እሑድም ሄድን። ቀስ በቀስ ሌላውም ሰው ተከተለን፤ ሕፃን በጋሪ የሚገፉ እናቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ውሻ የሚያናፍሱ። ሣሩ ላይ ቀጭን መንገድ ወጣ።

የቤቱ ባለቤት ሌዲ ክራንሾ ነበሩ፣ መንደሩ እሜቴ የሚላቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ የተበሳ ሹራብ የሚለብሱ፣ እጃቸው ከመቀስ የማይለይ። እሑድ ጠዋት ስናልፍ በረንዳቸው ሥር ጽጌረዳ ሲከረክሙ እናገኛቸዋለን። ደስሞንድ ባርኔጣውን ያነሳል።

«ደህና አደሩ፣ እሜቴ!»

ጀርባቸውን ያዞራሉ። በየእሑዱ ነው እንግዲህ። እኛ አገር የማይነጋገሩ ጎረቤቶች እንኳ ደህና አደርክ ይባባላሉ፤ በአጥር ተካሰው ፍርድ ቤት የሚመላለሱ ሁለት ወንድማማቾች አውቃለሁ፣ በየጠዋቱ ስለ ዝናቡ ሳይጫወቱ አያልፉም። እሜቴ ግን ጀርባቸውን ነው የሚሰጡን። ደሜ ይፈላል።

«ያቺ ሴትዮ ምን አድርገናት ነው?» እለዋለሁ።

«ምናልባት አልሰሙኝም» ይላል ደስሞንድ።

«መንደር ሙሉ ሰምቶሃል እኮ!»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ጮክ እላለሁ።»

ይሄም አልበቃው። በየዓመቱ ጥር ላይ መራራው ብርቱካን ገበያ ሲወጣ ማርማላታ ይሠራል፤ ከዚያ አንዱን ብርጭቆ ወስዶ የእሜቴ በር ላይ ያስቀምጣል። ከሳምንት በኋላ ባዶው ብርጭቆ ታጥቦ የአትክልቱ በር ምሰሶ ላይ ይገኛል። አንዲት ቃል እንኳ የለም። በላን ወይስ ለውሻ ሰጠን፣ ምንም። ደስሞንድ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያነሳና «እንዴት አድርገው አጥበውታል!» ይላል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ነው የምኖረው።

እንዲህ ብለን ሃያ ዓመት ልንሞላ ስንቃረብ ወሬ መጣ። እሜቴ አርጅተዋል፣ ልጃቸው ሩፐርት ቤቱን ሠርግ ለሚደግስ ድርጅት ሊሸጠው ይፈልጋል። ሠርገኞች ደግሞ ፎቶ ሲነሱ ከኋላቸው የእኔ ላስቲክ ጫማና የጎረቤት ውሻ እንዲታይ አይፈልጉም። መንገዱ ይዘጋል ማለት ነው። እኔ በዚያን ጊዜ የዳሌዬ አጥንት ስለተበላ በደህናው ቀንም አነክሳለሁ፤ በዚያ መታጠፊያ ደግሞ በእግርም ሆነ በመኪና፣ በሰንሰለት ብትጎትቱኝ አልሄድም። መንገዱ ከተዘጋ ልጄን ዳግመኛ የማየው እኔም ስቀበር ነበር።

የመንደራችን ምክር ቤት ጸሐፊ ጄፍሪ ቢድል ቤታችን መጣ። ድሮ ጠበቃ ቤት ሠርቷል።

«ሕጉ እንዲህ ነው» አለ። «ሰው በአንድ መንገድ በገሃድ፣ አጥር ሳይሰብር፣ ሳይደበቅ ሃያ ዓመት ከሄደ መንገዱ የሕዝብ ይሆናል። ማንም አይዘጋውም።»

«እሰይ!» አልኩ።

«ቆይ ቤረል። ደግሞም ሳይፈቀድለት መሆን አለበት። ባለቤቷ አንድ ቀን ‹እሺ፣ ሂዱ› ካለች፣ በእሷ ቸርነት ሄዳችሁ እንጂ በመብታችሁ አይደለም። ሃያው ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው።»

ሁለታችንም ቀስ ብለን ዞረን ደስሞንድን አየነው። ብስኩት ሻይ ውስጥ እየነከረ ነበር።

«ደስሞንድ፣ ሴትዮዋን አስፈቅደህ ታውቃለህ?» አለው ጄፍሪ።

«ልጠይቃቸው ሁልጊዜ አስባለሁ» አለ ደስሞንድ። «ግን ጀርባቸውን ያዞሩብኛል። ነውር እኮ ነው ጄፍሪ፣ ሃያ ዓመት በሰው ግቢ እየሄዱ አንድ ቀን እንኳ ይፈቀድልን አለማለት።»

ጄፍሪ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ሃያ ዓመቱ የሚሞላው በመስከረም የመጨረሻ እሑድ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ደግሞ ሬድሚር ለጎብኚ የሚከፈትበት ቀን ነው፤ በዓመት አንዴ፣ ለቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ ገንዘብ ለማሰባሰብ። ኬክ የምጋግረው እኔ፣ የሻይ ውሃ ማፍያውን ትልቁን በርሜል የሚያስነሳው ደስሞንድ። ብንቀር ሰው ሞተዋል ብሎ ሊጠይቀን ይመጣል።

«ቃል ግባልኝ» አልኩት። «እዚያ ስንሄድ እሜቴን አታናግራቸውም። ካገኘሃቸው ደህና ዋሉ፣ አለቀ። አመሰግናለሁ የምትለዋን ቃል ከአፍህ እንዳልሰማ።»

«አልልም» አለ።

«በአድሪያን ማልልኝ።»

ማለልኝ።

ቀኑ ደረሰ። ሰማዩ እንደተለመደው ልዝነብ አልዝነብ እያለ ሲያላግጥብን ዋለ። መኪናዎች መስኩ ላይ ጭቃ ውስጥ ተደረደሩ፤ እኛ በእግራችን ነው የመጣነው፣ ደስሞንድ ግን መኪና የሚያስቆመውን ሰውዬም አመሰገነ። ቲኬት የቆረጠችልንን አመሰገነ። ጫማችን ላይ የላስቲክ ከረጢት እንድናጠልቅ ያዘዘችንን አመሰገነ። ምን ላድርገው? መሐላው እሜቴን ብቻ ነው የሚመለከተው።

የሻይ ሰዓት እስኪደርስ ከጎብኚው ጋር ተሰልፈን ቤቱን አየን። እንደምታውቁት ነው፤ በየክፍሉ ገመድ ተወጥሯል፣ ማንም እንዳይቀመጥ በየወንበሩ ላይ የደረቀ ኮሸሽላ ተቀምጧል፣ በየጥጉ አንዲት አሮጊት ቆማ «ምንጣፉን! ምንጣፉን!» ትላለች። አንድ ንጉሥ የተኛበት አልጋ አለ። የትኛው ንጉሥ እንደሆነ በየዓመቱ ይለዋወጣል። የክራንሾ ቅድመ አያቶች በወርቅ ቀለም ፍሬም ውስጥ ሆነው፣ ሁሉም እንደ እሜቴ አፍንጫቸውን ሰቅለው ይመለከቱናል። ደረጃው ሥር ደስሞንድ ለሌላ ሰው መንገድ ልልቀቅ ብሎ ወደ ኋላ ሲል የእብነ በረድ ጭንቅላት ገጨ።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለው።

«ድንጋይ ነው!» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ አፌ ቀደመኝ።»

አፉ መቅደሙን ነው እኮ የምለው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ክንዱን ይዤ አልለቀቅሁም። ሽንት ቤት ሲገባ እንኳ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። እሜቴን ከሩቅ ሁለት ሦስት ጊዜ አየኋቸው፤ እኛን ሲያዩ በሌላ በር ሾልከው ይጠፋሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ትዕቢታቸው ለዛሬ ጠቀመን አልኩ በልቤ።

ሻይ ተጀመረ፣ በርሜሉ ፈላ፣ ሰዉ በኬኩ ላይ ተረባረበ። ቢላ ጠፋና ላመጣ ዘወር አልኩ። ስመለስ ደስሞንድ የለም። በርሜሉ ብቻውን ይጮሃል። ክው አልኩ።

«ባሌን ያየ?»

«አሁን ወደ አበባው ቤት ሲገባ አየሁት» አለችኝ አንዷ። «እሜቴን ፍለጋ መሰለኝ። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!»

በዚያ ዳሌዬ ሮጥኩ። አበባው ቤት ከትልቁ ቤት ጎን የተለጠፈ የመስተዋት ክፍል ነው። ስደርስ እሜቴ በአንድ በኩል የአበባ ማሰሮ፣ በሌላ በኩል ግድግዳ አግዷቸው መውጫ አጥተዋል። ከፊታቸው ደስሞንድ ቆሟል፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ። ልጃቸው ሩፐርት የሻይ ስኒ እንደያዘ አጠገባቸው ነው።

«እሜቴ፣ ይቅርታ ላስቸግርዎ ነው» አለ ባሌ። «እኔና ባለቤቴ በግቢዎ በኩል ልጃችን ዘንድ እንሄዳለን። ያውቁ ይሆናል። አንድም ቀን አስፈቅደንዎ አናውቅም፣ እናም ቅር የማይልዎ ከሆነ...»

ቢላው ከእጄ ወደቀ። እሜቴ ጀርባቸውን አዙረው አንዱን አበባ ነካ ነካ አደረጉ።

«እነዚህ ውሃ ጠምቷቸዋል» አሉ።

ሩፐርት ፈገግ አለ። ቆንጆ ሰው ነው፣ ሁሉን ሰው በስሙ የሚጠራ፣ ሰላምታው ማር። «እማማ፣ ሰውዬው እኮ እየጠየቁሽ ነው» አለ። «እንዴት ያለ መልካም ጥያቄ ነው! ‹በደስታ ፈቅጃለሁ፣ በፈለጋችሁ ጊዜ ሂዱ› በያቸው እንጂ። ምን ያስወጣሻል?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሕጉን እሱም ያውቀዋል። ያቺን አንዲት «እሺ» ከእናቱ አፍ ለማውጣት ሻይ ይዞ ሲከተላቸው ነው የዋለው። ባሌ ደግሞ በሬውን ራሱ ጎትቶ ወደ ቢላው አመጣለት።

ደስሞንድ እሜቴ ጆሯቸው የደከመ መሰለው። ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እሜቴ! በግቢዎ ብናልፍ! ይፈቅዱልናል ወይ! ነው የምለው!»

«ውሃ!» ብለው ጮኹ እሜቴ ከእሱ ብሰው። «ሩፐርት! የደረቁ አበቦች ፊት ቆመህ ሻይ ትጠጣለህ? ውሃ አምጣ!»

ደስሞንድ «እኔ ላምጣልዎ» ብሎ ሲንደረደር አንገትጌውን ያዝኩት። እየጎተትኩ አወጣሁት። ኮሪደሩ ላይ፣ የሰው ዘር በሙሉ እያየን፣ ጮኽኩበት።

«ምለህልኝ አልነበረም? በልጃችን ምለህልኝ አልነበረም?»

«አመሰግናለሁ እንዳልል ነው የማልኩት» አለ። «አላመሰገንኩም። ጠየቅኩ እንጂ።»

ምን ትሉታላችሁ? እንዲህ ያለውን ምን ትሉታላችሁ?

«ቤረል» አለ ቀስ ብሎ፣ «በየእሑዱ በዚያች ሴትዮ መስኮት ሥር ሳልፍ ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል። ልጄ ጋ ሌባ ሆኜ መሄድ አልፈልግም።»

ይሄን ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ ጥርሴን ነክሼ «ሂድ በርሜሉን አጥፋው» አልኩት። ሄደ። በሩን ለከፈተለት ሰውዬ አመሰግናለሁ ሲል ሰማሁት።

እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ ስተነፍስ አንድ አጥንታም እጅ ክንዴን ያዘኝ። እሜቴ ነበሩ። ገመዱን በጉልበታቸው ገፋ አድርገው መጻሕፍት ቤቱ ውስጥ አስገቡኝና በሩን ዘጉ። ከአንዱ ወንበር ላይ ኮሸሽላውን አንስተው ወደ ምድጃው ወረወሩት።

«ተቀመጪ ሚስዝ ፕላት። እያነከስሽ ነው።»

ተቀመጥኩ። ሌላ ምን ላደርግ ነው?

«ያን ባልሽን» አሉ፣ «እስከሚቀጥለው እሑድ ማታ ድረስ ከእኔ አርቂልኝ። አፉን በጨርቅ ጠቅልዪው፣ አልጋ ላይ እሰሪው፣ የፈለግሽውን አድርጊ። ከዓይኔ ብቻ አርቂልኝ!»

«ምን አጠፋን?» አልኩ፣ ደሜ እንደገና እየፈላ። «ሃያ ዓመት እንደ ውሻ...»

«ዝም በይና ስሚኝ። አባቴ ዳኛ ነበር። እኔ አልዋሽም፤ ጥሩነት ሆኖ አይደለም፣ አልችልበትም። አንድ ቀን ጠበቃ ‹ለእነዚህ ሰዎች ፈቅደሽላቸው ታውቂያለሽ?› ብሎ ይጠይቀኛል። የለም ማለት መቻል አለብኝ። ባልሽ ደግሞ በየእሑዱ ባርኔጣውን አንስቶ ይመጣብኛል። አንዴ ደህና አደርክ ካልኩት ወሬ ይጀምራል፣ ወሬ ከጀመረ ያስፈቅዳል፣ ካስፈቀደኝ ደግሞ እምቢ አልለውም። እንግዲህ ምን ላድርግ? ሃያ ዓመት ጀርባዬን ሰጠሁት!»

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

«ያን እሑድ አየሁሽ» አሉ። ወደ መስኮቱ ነበር የሚያዩት። «ከመኪናዬ ውስጥ ሆኜ። አበባ ይዘሽ ቁጥቋጦ ውስጥ ተለጥፈሽ ነበር። የአትክልቱ በር ቁልፍ ያኔም የተሰበረ ነው። አላስጠገንኩትም። ያደረግኩት ይኸው ነው፣ አለማስጠገን። ሩፐርት ሁለት ጊዜ ሠራተኛ ጠርቷል፣ ሁለቱንም አባርሬያለሁ።»

የዚያን ሁሉ እሑድ ስድቤን፣ ያን ሁሉ ያቺ ሴትዮ ያልኩትን አስቤ ፊቴ ጋለ። ልናገር አፌን ሳንቀሳቅስ እጃቸውን አነሱ።

«አንቺም እንዳታመሰግኚኝ! ሁለት ሆናችሁ አልችላችሁም።» በሩን ከፈቱ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያላቸው መሰለኝ ዞር አሉ። «ማርማላታው ስኳር ይበዛዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ይሄንንም ልነግረው አልቻልኩም።»

ለደስሞንድ አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ ልንገረው? ብነግረው በዚያው ማታ ተነስቶ ሄዶ ያመሰግናቸው ነበር። ያን ሳምንት ከቤት እንዳይወጣ የኩሽናውን ቧንቧ ራሴ አበላሸሁት፤ ሲጠግን አበላሽለታለሁ፣ ሲጠግን አበላሽለታለሁ። ቧንቧውን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼዋለሁ።

የመስከረም የመጨረሻ እሑድ መጣ። በፖም ዛፎቹ ሥር፣ በኩሬው ዳር ሄድን። እሜቴ በረንዳቸው ሥር ነበሩ። ደስሞንድ ባርኔጣውን አነሳ።

«ደህና አደሩ፣ እሜቴ!»

ጀርባቸውን አዞሩ። የሹራባቸው ቀዳዳ ከኋላም እንደነበር ያን ቀን ነው ያየሁት። አለቀስኩ፣ ደስሞንድ ለአድሪያን መሰለውና እጄን ያዘኝ።

ብርዱ ሲገባ ሳንባቸውን ታመው ሞቱ። ከአድሪያን ሦስት መቃብር ያህል ራቅ ብለው ተቀበሩ። ቀብሩ ባለፈ በሳምንቱ ሩፐርት የአትክልቱን በር በአዲስ ቁልፍ ዘጋው፣ ‹የግል ይዞታ› የሚል ሰሌዳም ሰቀለበት። ጄፍሪ ቢድል አቤቱታ ጻፈ፤ ጉዳዩን የምታጣራ አንዲት ሴት ከመንግሥት ተልካ መጣች፣ የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግታ ተቀመጠች። የሩፐርት ጠበቃ ወጣት፣ ንቁ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ነበር። መጀመሪያ ደስሞንድን አስነሳው።

«ሚስተር ፕላት፣ በግቢው ለማለፍ ሌዲ ክራንሾን አስፈቅደው ያውቃሉ?»

ደስሞንድ አይዋሽም፤ የእሱም ጣጣ ይሄው ነው። «አዎ፣ አስፈቅጃለሁ» አለ። ጄፍሪ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን መለሱልዎት?»

«አበቦቹ ውሃ ጠምቷቸዋል አሉኝ።»

«እንደገና አልጠየቋቸውም?»

«ጠይቄያለሁ፣ ጮክ ብዬ።»

«እናስ?»

«እሳቸውም ጮክ ብለው ውሃ አሉ። ስለ ጥያቄው አመሰግናለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጠበቃው ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ቀልቷል።

«ሚስዝ ፕላት፣ ሌዲ ክራንሾ በዚህ ሁሉ ዓመት በቃልም፣ በእጅ ምልክትም፣ በራስ ንቅናቄም ቢሆን እለፉ ብለዋችሁ አያውቁም? ፈገግ ብለው? አንድ ቀን ሰላም ብለዋችሁ?»

ተነሳሁ። ይሄን መልስ ለጎረቤት፣ ለቄሱ፣ ለሥጋ ሻጩ፣ ለሰማኝ ሁሉ በንዴት ስናገረው የኖርኩት ነው። ያን ቀን ግን የወንበሬን ጀርባ ይዤ ነው የተናገርኩት።

«የለም» አልኩ። «ሃያ ዓመት ሙሉ፣ እሜቴ ደህና አደራችሁ ብለውን አያውቁም።»

ሌላም ልጨምር ፈልጌ ነበር፣ አልቻልኩም፤ ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አጣሪዋ ሴት ውሃ አስመጣችልኝ። ደስሞንድ ውሃ ያመጣውን ሰው አመሰገነው።

መንገዱ ተፈቀደ አልልም፣ የእኛ ሆነ። ለደስሞንድ ሁሉንም የነገርኩት ያን ማታ ነው። ሰምቶ ሲጨርስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይል ተኛ።

ጥር ሲመጣ ብርቱካኑን ከትፎ ቤቱን በእንፋሎት ሞላው። እሑድ አንዱን ብርጭቆ በኮቱ ኪስ ይዞ ወጣ። አድሪያን ዘንድ አበባውን ካስቀመጥን በኋላ ወደ እሜቴ መቃብር ሄዶ ባርኔጣውን አነሳና ብርጭቆውን ድንጋዩ ላይ አኖረው።

«አብደሃል?» አልኩት። «ማን ይበላዋል? ጉንዳን ልታስወርርባቸው ነው?»

«ደህና አደሩ፣ እሜቴ» አለ፣ ለእኔ ሳይመልስ። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ዝቅ ብሎ «ስኳሩን ቀንሼዋለሁ» አላቸው።